በወረቀትና በቆርኪ፦ የሮማ ዘመን ታክቲክ ጌም ፍልሚያና የታሪክ ምርጫ አነዳደፍ

ታክቲክ ጌም ለመሥራት የተነሱ ሰዎች ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሞታል። ሌጌዎኑ (የሮማ ትልቅ የጦር ክፍል) እና ጠላቱ ተፋጠው ይቆማሉ፣ የአንዱ ላይፍ እስኪያልቅ ተራ በተራ ይማታሉ፣ ከቆመበት ንቅንቅ የሚል የለም። ፍልሚያው ሲያልቅ «ምርኮኞቹን ትምራለህ ወይስ ትገድላለህ?» የሚል ሳጥን ብቅ ይላል። ተጫዋቹ አንዱን ይጫናል። ቀጣዩ ፍልሚያ ግን የትኛውንም ቢጫን ያው ነው።

ይህ የሚሆነው ፍልሚያውና ታሪኩ ለየብቻ ተሠርተው በመጨረሻ ስለሚለጣጠፉ ነው። እዚህ የምንሠራው አንድ ምርጫና የዚያን ምርጫ ዋጋ የሚያስከፍል አንድ ፍልሚያ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይሠሩ ሃያ ተልዕኮ ብትጨምሩ ጌሙን አያድነውም። እስከ ደረጃ 10 ድረስ ኮምፒውተር አትክፈቱ።

የምታዘጋጁት

1. ባለካሬ ደብተር። ሁለት ገጽ አጣብቃችሁ 20 በ10 ካሬ አውጡ።
2. ቆርኪ። 6 የቢራ ለሮማውያን፣ 10 የለስላሳ ለጠላት። ዳማ የተጫወታችሁበት ካለ ይበቃል።
3. ለጓዝ በቅሎ 3 ባቄላ።
4. አንድ የሉዶ ዳይስ።
5. እርሳስና ላጲስ። በእስክሪብቶ የጻፋችሁትን ቁጥር መለወጥ ትሰንፋላችሁ፤ ቁጥሩ ደግሞ መለወጡ አይቀርም።
6. ማርከር። በየቢራው ቆርኪ ጠርዝ ላይ ቀስት ሳሉ። ወታደሩ ፊቱን ያዞረበትን አቅጣጫ የሚያሳየው እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ውሳኔና መሬት ያለው ክስተት ያዙ

«የሮማ ጌም» ብላችሁ አትጀምሩ። ከዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን፣ አንድ ቦታና አንድ ከባድ ውሳኔ ምረጡ። ክስተቱ ሦስት ነገር ይኑረው፦ አዛዦች የተከራከሩበት ጉዳይ፣ ፍልሚያውን የሚወስን መሬት፣ የታወቀ የጠላት ስልት። ሦስተኛው ከሌለ ክስተቱን ተዉት። እንደ ካናይ ያሉትን ትልልቅ ጦርነቶችም እለፏቸው፤ በስድስት ቆርኪ አይገለጹም።

እኛ የምንይዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 በጋውል (የዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ) የሆነውን ነው። በድርቅ ምክንያት እህል ስላነሰ ቄሳር ሠራዊቱን ለክረምቱ በተለያየ ቦታ በትኖ አሰፈረ። ኤቡሮኖች በተባለው ነገድ አገር የሰፈረው አንድ ሌጌዎንና አምስት ኮሆርት ነው፤ አንድ ኮሆርት የሌጌዎን አንድ አሥረኛ ነው። አዛዦቹ ሳቢኑስና ኮታ ነበሩ። የኤቡሮኖቹ መሪ አምቢዮሪክስ ሰፈሩን አጥቅቶ አልሆነለትም፤ ስለዚህ በምላስ መጣ። ጀርመኖች የራይንን ወንዝ ተሻግረዋል፣ በሁለት ቀን ይደርሳሉ፣ ወደ ሌላው የሮማውያን ሰፈር ከሄዳችሁ መንገዱን በሰላም አሳልፋችኋለሁ አላቸው። ቅርቡ ሰፈር 50 የሮማ ማይል ያህል ይርቃል።

ኮታና ብዙዎቹ መቶ አለቆች ያለ ቄሳር ትእዛዝ አንነቃነቅም፣ እህልም አለን አሉ። ሳቢኑስ ደግሞ ጠላት ሳይበዛብን አሁኑኑ እንውጣ አለ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ፤ ኮታ ተሸነፈ። ጎህ ሲቀድ ከባድ ጓዝ ይዘው በረጅም ሰልፍ ወጡ። ሁለት ማይል ያህል እንደሄዱ ሸለቆ ውስጥ ገቡ፣ ኤቡሮኖቹም ከፊትና ከኋላ ዘጉባቸው። ከጥቂቶች በቀር የተረፈ የለም።

ደረጃው ሲበላሽ፦ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ግልጽ ቂል ከሆነ ምርጫ የላችሁም፣ ወጥመድ ነው ያላችሁ። እዚህም ያ አደጋ አለ። ቄሳር ሳቢኑስን ያልተዘጋጀና የተደናበረ አድርጎ ነው የሚተርከው፤ ሠራዊቱን የበታተነው እሱ ራሱ ስለሆነ አልፈርድበትም። እናንተ ግን የሳቢኑስን ክርክር አጠንክሩት። እርዳታው ሩቅ ነው፣ ክረምት ነው፣ የጀርመኖቹ ወሬ እውነት ከሆነ ነገ ጊዜው አልፏል።

ደረጃ 2፦ ግቡን በአንድ መስመር ጻፉ

«ጠላትን ሁሉ ግደል» የሚለውን ግብ ሰርዙ። ተጫዋቹን አንድ ቦታ ተክሎ የሚያስቀረው እሱ ነው።

በዚያ ቀን ንስር ተሸካሚው ሉኪዩስ ፔትሮሲዲዩስ እስከ ሰፈሩ ተመልሶ፣ ጠላት ሲከበው የሌጌዎኑን ንስር (የንስር ቅርጽ ያለውን ዓርማ) ከአጥሩ ውስጥ ወርውሮ፣ ራሱ ውጭ ሲዋጋ ሞተ። ግባችሁ ይኸው ነው፦ «ንስሩን ዓምድ 1 አድርሱ።» ተሸካሚው ከወደቀ ሌላ ወታደር በቆመበት ካሬ ላይ ደርሶ በ1 ጉልበት ያነሳዋል። ዓምድ 1 የት እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ፣ ጉልበት ምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ይመጣል።

ፈተናው ቀላል ነው። ማንም ሳይንቀሳቀስ ግቡ ሊሳካ ይችላል? ከቻለ እንደገና ጻፉት።

ደረጃ 3፦ ሰሌዳውን ሳሉ

1. ዓምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 20፣ ረድፎቹን ከላይ ወደ ታች ከ1 እስከ 10 ቁጠሩ። ዓምድ 1 ሰፈሩ ያለበት ወገን ነው።
2. ረድፍ 1፣ 2፣ 9 እና 10ን በእርሳስ አጥቁሩ። ዳገት ናቸው። ሮማዊ ዳገት ላይ አንድ ካሬ ሲሄድ እንደ ሁለት ይቆጠርበታል፤ ለኤቡሮን እንደ ሜዳ ነው።
3. ዓምድ 6 ላይ ረድፍ 3፣ 4፣ 7 እና 8ን ዝጉ። የወደቀ ዛፍ በሉት። ሸለቆው እዚያ ላይ ሁለት ካሬ ብቻ ይቀረዋል። ሦስት ሆኖ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰልፍ እዚህ መሰበሩ ግድ ነው።
4. ሮማውያኑን ከዓምድ 12 እስከ 14፣ ረድፍ 5 እና 6 ላይ አስቀምጡ። አንድ ትሪቡን (የሌጌዎን መኮንን፤ ተጫዋቹ እሱ ነው)፣ አንድ መቶ አለቃ፣ አንድ ንስር ተሸካሚ፣ ሦስት ወታደር። ንስሩ ዓምድ 14 ላይ፣ ከኋላ ይሁን።
5. በቅሎዎቹን ከዓምድ 15 እስከ 17፣ ረድፍ 5 ላይ።
6. ባለጋሻ 3 ኤቡሮኖች ዓምድ 3 ላይ። 5 ወርዋሪዎች ዳገቱ ላይ ከዓምድ 9 እስከ 15 ተበትነው፣ ሦስቱ ረድፍ 2፣ ሁለቱ ረድፍ 9። የቀሩት 2 ቆርኪዎች ከሰሌዳው ውጭ ይጠብቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለጌጥ ዛፍና ድንጋይ አትበትኑ። የአንድን ሰው እርምጃ የማይለውጥ ካሬ ባዶ ይሁን።

ደረጃ 4፦ የሮማውያኑን ሕግ አውጡ

እያንዳንዱ ሮማዊ በተራው 2 ጉልበት አለው። ጋሻው 4 ነጥብ፣ አካሉ 3 ነጥብ። ጉልበቱን በእነዚህ ላይ ያውለዋል፦

1. መሄድ፣ 1 ጉልበት። እስከ 2 ካሬ። ሲጨርስ በነፃ ይዞራል።
2. መምታት፣ 1 ጉልበት። ከፊቱ ባለው ጠላት ላይ፣ 2 ነጥብ ይቀንሳል። ዳይስ አይጣልም።
3. ፒሉም (የሮማውያን መወርወሪያ ጦር) መወርወር፣ 1 ጉልበት። በፍልሚያው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ 3 ካሬ፣ ያለ ዳይስ። ባለጋሻን ካገኘ ጋሻው ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ጋሻ የሌለውን ካገኘ 2 ነጥብ ይቀንሳል።
4. ጋሻ ማጋጠም፣ 1 ጉልበት። እስከሚቀጥለው ተራ ይቆያል።

ፊት ማለት ቀስቱ የሚያመለክተው ካሬና በግራ ቀኙ ያሉት ሁለት ሰያፍ ካሬዎች ናቸው። ከፊት የመጣ ምት ጋሻውን ይነካል፣ ከጎንና ከኋላ የመጣ አካሉን። ጋሻው ዜሮ ሲገባ ሁሉም ምት አካል ላይ ነው። የፒሉሙ ሕግ ከሜዳ የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ሄልቬታውያን ከተባለው ነገድ ጋር በተደረገው ውጊያ የሮማውያን ፒሉም ጋሻዎችን አንዱን ከሌላው ጋር እየሰፋ ስላስቸገራቸው ብዙዎቹ ጋሻቸውን ጥለው ባዷቸውን ተዋጉ።

በቅርብ ምት ላይ ዳይስ የከለከልኩት ሆን ብዬ ነው። «95 በመቶ ይመታል» ተብሎ የሳተ ሰይፍ ተጫዋቹ የሠራውን ሐሳብ ሁሉ ገደል ይከተዋል። ዳይስ ለውርወራ ብቻ ይሁን።

አሁን የሁሉም ቁልፍ የሆነው ሕግ። ጋሻ ያጋጠመ ወታደር አጠገቡ ሌላ ጋሻ ያጋጠመ ካለ፣ ከየትም አቅጣጫ የመጣ ምት ጋሻውን ይነካል። በምላሹ ውርወራ በቀላሉ ያገኘዋል። ብቻውን የቆመን ለመምታት ዳይሱ 3 ወይም ከዚያ በላይ መውጣት አለበት፤ የተጋጠመን ለመምታት 2 ይበቃል። ይህንንም ከሜዳው ነው የወሰድኩት። በሸለቆው ውስጥ ሮማውያኑ ክብ ሠርተው ሲቆሙ ተጠጋግተው ስለነበር ከሚወረወርባቸው ጦር ማምለጥ አልቻሉም። ይህን ቅጣት አታንሱት። ካነሳችሁት ጋሻ ማጋጠም ሁልጊዜ ትክክል ይሆናል፣ ተጫዋቹም ማሰብ ያቆማል።

መቶ አለቃው አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፦ በየተራው አጠገቡ ላለ አንድ ሰው 1 ጉልበት ይሰጣል።

የጓዝ ሕግ

በቅሎ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲስበው ነው። የሚስበው ወታደር ለመሄድ 1፣ ለመሳብ 1 ጉልበት ይከፍላል፤ ስለዚህ ጋሻ ማጋጠም አይችልም። ዓምድ 1 የደረሰ እያንዳንዱ በቅሎ በሚቀጥለው ምዕራፍ ስንቅ ይሆናል።

ተጫዋቹ «ጓዙን ተዉት» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ሲያዝ ከንስር ተሸካሚው በስተቀር ለእያንዳንዱ ሰው ዳይስ ጣሉ። 1 የወጣበት ቀጣዩን ተራ ሙሉ ወደ በቅሎው እየሮጠ ያጠፋዋል። ጓዙን ጥላችሁ ክብ ሥሩ የሚል ትእዛዝ በተሰጠ ጊዜ ወታደሮቹ ከዓርማቸው እየተለዩ ውድ ዕቃቸውን ከጓዙ ለማውጣት ተሯሩጠው ነበር።

ደረጃ 5፦ የጠላትን ካርድ ጻፉ

አብዛኛው ሰው ይህን ደረጃ በ«ጠላት ወደ ቅርቡ ይሄድና ይመታል» ይዘልለዋል። ፍልሚያው የሚሞተው እዚህ ነው። ለወታደሮቻችሁ አሥር ዓይነት ችሎታ ከመፍጠራችሁ በፊት ለጠላት ሦስት መስመር ጻፉ።

አምቢዮሪክስ ሰዎቹን ከሩቅ ወርውሩ፣ አትጠጉ፣ ሮማውያን ሲገፉባችሁ ሽሹ፣ ወደ ዓርማቸው ሲመለሱ ተከተሏቸው ብሎ ነበር ያዘዘው። አንድ ኮሆርት ከክቡ ወጥቶ ሲያጠቃ ይሸሹለታል፤ ሲመለስ ከሁሉም ወገን ይከቡታል። ይህን ወደ ካርድ ገልብጡት።

ወርዋሪ፦ አካል 2፣ ጋሻ የለውም። በተራው 2 ጉልበት አለው። በ1 ጉልበት 3 ካሬ ይሄዳል። በ1 ጉልበት እስከ 4 ካሬ ይወረውራል፣ በተራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ 1 ነጥብ ይቀንሳል።

1. ፊቱን ወደ እኔ ያዞረ ሮማዊ በ2 ካሬ ውስጥ ከገባ፣ 3 ካሬ ወደ ዳገት እሸሻለሁ፣ ከዚያ እወረውራለሁ።
2. እሱ ካልሆነ፣ ከጓደኞቹ በ2 ካሬ ተነጥሎ ጎኑን ወይም ጀርባውን የሰጠ ካለ፣ ለእሱ የምንቀርበው ሁለት ሄደን እንወጋዋለን። ምቱ 1 ነጥብ ነው።
3. ሁለቱም ከሌሉ ለሚቀርበኝ እወረውራለሁ።

ባለጋሻ፦ ጋሻ 2፣ አካል 3፣ እንደ ሮማዊ ይሄዳል፣ ምቱ 1 ነጥብ። አንድ ሮማዊ ዓምድ 8 እስኪደርስ ካለበት አይነቃነቅም። ከዚያ ወደ ዓምድ 6 ጉሮሮ ይመጣል።

ተጨማሪ ኃይል፦ በ3ኛውና በ5ኛው ተራ አንድ አንድ ወርዋሪ ረድፍ 1 ላይ ከንስሩ ትይዩ ይጨመር።

ማንም ኤቡሮን በቅሎ አይነካም። መሪዎቻቸው ሮማውያን የተዉት ሁሉ የእናንተ ስለሆነ ለዘረፋ ከሰልፍ አትውጡ ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ጌም ውስጥም ጓዙን እንደ ማዘናጊያ ለመጠቀም የሚሞክር ተጫዋች አይጠፋም፤ እንዳይሠራለት።

ደረጃው ሲበላሽ፦
- ወርዋሪው የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ደርሶ መሸሻ ካጣ፣ ቆሞ ይዋጋል። ይህን አታስተካክሉት። ሁለት ወታደር አስተባብሮ ጠላትን ጥግ ማስያዝ የቻለ ተጫዋች ሽልማቱ ይገባዋል።
- ሁለት መስመሮች ተጋጭተው ምን እንደምታደርጉ ግራ ከገባችሁ፣ ሁልጊዜ ላይኛው ያሸንፋል።
- አራተኛ መስመር ለመጨመር እጃችሁ ከበላችሁ፣ መጀመሪያ ከሦስቱ አንዱን ሰርዙ። ተጫዋቹ ጠላትን አስቀድሞ መገመት ካልቻለ ታክቲክ የለም።

ደረጃ 6፦ ከመጫወታችሁ በፊት አስሉ

ይህ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ የሚያድነው ግን ቀናት ነው። ንስሩ ከዓምድ 14 እስከ 1 ድረስ 13 ካሬ አለው።

መሮጥ፦ ሁለቱም ጉልበት ለመሄድ፣ በተራ 4 ካሬ፣ 4 ተራ። አምስት ወርዋሪዎች በየተራው 5 ጊዜ ይወረውራሉ፤ ከስድስት አራቱ የዳይስ ፊት ይመታል፤ በተራ 3.3 ምት ያህል፣ በአራት ተራ 13። ሯጩ ጎኑን ለዳገቱ ስለሚሰጥ አብዛኛው አካል ላይ ያርፋል። የስድስቱ ሰው አካል በጠቅላላ 18 ነው። ምቱ በተወሰኑት ላይ ካረፈ አራት ሰው ሊወድቅ ይችላል።

መግጠም፦ አንዱ ጉልበት ለመሄድ፣ አንዱ ለጋሻ፣ በተራ 2 ካሬ፣ 7 ተራ። ከስድስት አምስቱ ፊት ይመታል፤ በተራ 4.2 ያህል፣ በሰባት ተራ 29። የስድስቱ ጋሻ በጠቅላላ 24 ነው። ስለዚህ ሰው ብዙም ሳይወድቅ ጋሻው ግን ተቦጫጭቆ ያልቃል፣ በዚያ ላይ የ3ኛውና የ5ኛው ተራ ወርዋሪዎች ይደርሳሉ፣ ጉሮሮው ላይ ደግሞ ሦስቱ ባለጋሻዎች ይጠብቃሉ።

የምትፈልጉት ይህን ዓይነት ሚዛን ነው። አንዱ መንገድ ሰው ይበላል፣ ሌላው ጋሻና ጊዜ። ስሌቱ አንዱን በግልጽ ካስበለጠ አካልና ጋሻ ላይ አትነካኩ። የወርዋሪዎቹን ቁጥር በአንድ ጨምሩ ወይም ቀንሱና እንደገና አስሉ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቁጥር በላይ አትለውጡ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ደረጃ 7፦ ምርጫውን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ጻፉ

ንግግሩን መጀመሪያ ከጻፋችሁ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ፣ ምርጫ ግን አታገኙም። መጀመሪያ በሦስት ቁራጭ ወረቀት ላይ ሰሌዳው እንዴት እንደሚለወጥ ጻፉ።

ካርድ አንድ፣ በቀን ከነጓዙ መውጣት። ሰሌዳው እስካሁን የሠራነው ነው።

ካርድ ሁለት፣ በሌሊት ጓዝ ትቶ መውጣት። በቅሎ የለም። የወርዋሪዎቹ ርቀት ከ4 ወደ 2 ይወርዳል። ነገር ግን በየተራው ለእያንዳንዱ ሮማዊ ዳይስ ይጣላል፤ 1 የወጣበትን ጠላት በፈለገው አቅጣጫ አንድ ካሬ ያንቀሳቅሰዋል፣ ጨለማ ነዋ። ቀጣዩ ምዕራፍ ያለ ስንቅ ይጀምራል።

ካርድ ሦስት፣ መቆየት። ሌላ ሰሌዳ ሳሉ፦ አጥር፣ ሦስት ጊዜ የሚመጣ ጥቃት፣ ሾልኮ ማለፍ ያለበት አንድ መልእክተኛ። ለዚህ ሞዴል አለላችሁ። ከዚያው ጥፋት በኋላ ኔርቪዎች የተባለው ነገድ የሌላውን የሮማ አዛዥ የኲንቱስ ሲሴሮን ሰፈር ከበበ፤ ሲሴሮ ከታጠቀ ጠላት ውል አንቀበልም ብሎ ቄሳር እስኪደርስ ያዘ። ደብዳቤውን ያሻገረው አንድ ባሪያ ነው፣ ጦር ላይ አስሮ። የቄሳር መልስ ደግሞ በጦር ተወርውሮ ግንብ ላይ ተሰክቶ ሁለት ቀን ሳይታይ ቀረ። ከዚህ ሕግ ይወጣል፦ መልእክቱ ደርሶም ቢሆን ተጫዋቹ የሚያነበው ከሁለት ተራ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ምክክሩ ሂዱ፦

1. ተጫዋቹን ወጣት ትሪቡን አድርጉት። ሳቢኑስ ወይም ኮታ ካደረጋችሁት መልሱ ከታሪኩ ይታወቃል። ትሪቡኖች በምክክሩ ስለነበሩ ቦታው እውነተኛ ነው፤ የእሱ ድምፅ ክርክሩን ይወስን።
2. ለእያንዳንዱ ካርድ ብልህ ጠበቃ ስጡት። ሳቢኑስ ለመጀመሪያው፣ ኮታ ለሦስተኛው። ለሁለተኛው አንድ የሸመገለ መቶ አለቃ ፍጠሩ።
3. ሦስት ማስረጃ አስቀምጡ፦ ጎተራውን ማየት፣ ምርኮኛውን መጠየቅ፣ ቃኚ ወደ ራይን መንገድ መላክ። እኩለ ሌሊት ከመድረሱ በፊት ሁለቱን ብቻ ማየት ይቻል።
4. ማንኛውም ማስረጃ ብቻውን ጥያቄውን አይዝጋው። ምርኮኛው ስለ ጀርመኖቹ ሰምቻለሁ ይበል፤ አይቻለሁ አይበል።
5. «ታማኝነት ሲደመር 5» የሚል ጽሑፍ አታሳዩ። መልካሙን በአረንጓዴ፣ ክፉውን በቀይ አትቀቡ።

ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ለምትጽፉ፦ ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት ገጸ ባሕርይ መምረጥ የሚችል ከሆነ እያንዳንዱ መስመር «ወሰንክ» እና «ወሰንሽ» ሆኖ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ወታደሮቹና መቶ አለቆቹ ትሪቡኑን በ«እርስዎ» ያናግሩ፤ ለማዕረጉም ይገባል፣ የጽሑፉም ሥራ በብዙ ይቀንሳል። ሳቢኑስና ኮታ እርስ በርስ «አንተ» ይባባሉ።

ደረጃ 8፦ አንድ ምርጫ ፍልሚያው ውስጥ ክተቱ

ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ ነው የሰጠን። በውጊያው መካከል ሳቢኑስ ከአምቢዮሪክስ ጋር ለመነጋገር ወሰነ። ኮታ ወደታጠቀ ጠላት አልሄድም አለ። ሳቢኑስ በዙሪያው ያሉትን ትሪቡኖችና መቶ አለቆች ተከተሉኝ ብሎ ሄደ፣ መሣሪያ አስጣሏቸው፣ ወሬው ሲራዘም ቀስ በቀስ ተከቦ ተገደለ።

በ3ኛው ተራ መጨረሻ ይህን ካርድ አውጡ፦ ሳቢኑስ መቶ አለቃውን ይጠራል። ትሪቡኑ ሊለቀው ወይም ሊይዘው ይችላል።

ከለቀቀው፦ መቶ አለቃው ከሰሌዳው ይነሳል። ለሁለት ተራ ማንም ወርዋሪ አይወረውርም፣ ማንም አይጠጋም። በእነዚህ ሁለት ተራዎች ሳይነኩ 8 ካሬ መሮጥ ይቻላል። ከዚያ ጩኸት ይሰማል፣ መቶ አለቃው አይመለስም።

ከያዘው፦ ውርወራው ይቀጥላል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ከጥፋቱ የተረፉ ሰዎች ይህንን አለመታዘዝ ለቄሳር ያወራሉ።

ደረጃው ሲበላሽ፦ ሁሉም ሰው መቶ አለቃውን የሚለቅ ከሆነ ሰውየው ለእነሱ ቆርኪ ብቻ ነው ማለት ነው። በምክክሩ ላይ ሁለተኛውን ሐሳብ ያቀረበው መቶ አለቃ ይኸው ሰው ይሁን። ያ ካልበቃ የሚሰጠውን ጉልበት ከ1 ወደ 2 አሳድጉ። ሁሉም የሚይዘው ከሆነ ደግሞ ጸጥታውን ከሁለት ተራ ወደ ሦስት አርዝሙት።

የዘገየ ዋጋ

ንስሩ ዓምድ 1 ከደረሰ በኋላ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠይቁ፦ በጨለማ የሚሾልከውን ሰው ወደ ማን ትልካላችሁ? እውነተኞቹ ጥቂት ተራፊዎች በጫካ ተጉዘው የሌላ ሰፈር አዛዥ የነበረው ላቢዬኑስ ዘንድ ደረሱ። ሲሴሮ ግን ወሬውን ሳይሰማ ነው ጠላት የደረሰበት። ወደ ላቢዬኑስ የላከ ተጫዋች የሲሴሮን ሰፈር ሲጫወት እንጨት ለቀማ የወጡት ወታደሮች ከአጥር ውጭ ይጀምራሉ። ወደ ሲሴሮ የላከ ሁሉም ከአጥር ውስጥ ይጀምራሉ፣ ላቢዬኑስ ግን ምንም አያውቅም።

ደረጃ 9፦ ዝም ብላችሁ አስጫውቱ

1. ስለ ጋውል የማያውቅ ሰው አስቀምጡ። ሕጉን አንብቡለትና አፋችሁን ዝጉ። «እዚያ ባትሄድ ይሻላል» ያላችሁ ጊዜ ፈተናው ተበላሽቷል።
2. ጠላትን እናንተ አንቀሳቅሱ፣ ካርዱ እንደሚለው ብቻ። ለማሸነፍም ለመሸነፍም አትርዱት።
3. ቆርኪውን አንስቶ መልሶ ያስቀመጠበትን እያንዳንዱን ጊዜ ምልክት አድርጉ። ፍልሚያው ሕያው የሆነው እዚያ ነው።
4. ሲያበቃ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የቱ ጋ ነው ሐሳብህን የቀየርከው?» እና «የሆነውን ንገረኝ»። ሲተርክ ሳቢኑስንና መቶ አለቃውን ካልጠቀሰ፣ ምርጫችሁ አልነካውም።

የተለመዱት ብልሽቶችና መድኃኒታቸው፦

አንድ ሰዓት ካለፈ፦ የ5ኛውን ተራ ተጨማሪ ወርዋሪ ሰርዙ። የጠላትን አካል አትቀንሱ፤ ፒሉም ዋጋ ያጣል።

ተጫዋቹ ወርዋሪዎቹን ዳገት ለዳገት እያሳደደ ካለቀ፦ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ከክቡ የወጣው ኮሆርትም እንዲያ ነው የተከበበው። በሁለተኛው ጨዋታም ካሳደደ ግን ግቡን አልተረዳም። ዓምድ 1 ላይ ትልቅ የሰፈር በር ሳሉበት።

ሁሉም «እንቆይ» ካሉ፦ ጎተራው ያሳየውን እህል ቀንሱ። ኮታ በእህል እንዳይተማመን አድርጉት። ሁሉም «እንውጣ» ካሉ የቃኚውን ወሬ አጠራጣሪ አድርጉ።

በቅሎዎቹን ማንም ካልሳበ፦ ቀጣዩ ምዕራፍ ስንቅ እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ አልተናገራችሁም። አንድ ወታደር በምክክሩ ላይ ይናገረው።

ደረጃ 10፦ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር

እዚህ ብዙ አልቆይም። ጎዶትም ሆነ ሌላ ኢንጂን (ጌም መሥሪያ ፕሮግራም) ብትጠቀሙ አሠራሩ ያው ነው።

1. ሁሉንም ቁጥር (ጋሻ፣ አካል፣ ርቀት፣ የዳይስ ገደብ) ከኮዱ ውጭ በአንድ ሠንጠረዥ ፋይል አስቀምጡ። ሚዛን ስታስተካክሉ ፋይሉን ብቻ ትነካላችሁ።
2. የጠላት ካርድን ሦስት መስመር በዚያው ቅደም ተከተል ጻፉ። የመጀመሪያው የተሟላለት ይፈጸማል፣ ሌሎቹ አይታዩም።
3. ተጫዋቹ ከመወሰኑ በፊት ጠላት ማንን ሊመታ እንደሆነና ጋሻውን ወይስ አካሉን እንደሚነካ ስክሪን ላይ አሳዩ። በወረቀት ላይ ቀስቱ ይታይ ነበር፤ ስክሪን ላይ ከጠፋ ፍልሚያው ቁማር ይሆናል።
4. እያንዳንዱን ምርጫ በግልጽ ስም በሴቭ ፋይሉ መዝግቡ፦ «በሌሊት_ወጡ»፣ «መቶ_አለቃ_ተለቀቀ»፣ «መልእክት_ለሲሴሮ»። «ምርጫ1»፣ «ምርጫ2» ካላችሁ ከወር በኋላ አታስታውሱትም።
5. ምርጫው በተደረገበት ቅጽበት ጌሙ ራሱ ሴቭ ያድርግ፣ በዚያው ፋይል ላይ። ተጫዋቹ ሳቢኑስ መገደሉን አይቶ ወደ ኋላ መመለስ ከቻለ ደረጃ 8 ከንቱ ነው።
6. ፊደሉን መጀመሪያ ቀን ሞክሩ። ብዙ ኢንጂኖች ይዘውት የሚመጡት ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ባዶ ሳጥን ያሳያል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም ሌላ የግዕዝ ፎንት ከፕሮጀክቱ ጋር አያይዙ፣ ከዚያ የንግግር ሳጥኑን በረጅሙ መስመራችሁ ፈትኑት። በምክክሩ ውስጥ ረጅሙ የኮታ ንግግር ነው የሚሆነው፤ ከሦስት መስመር ካለፈ ሳጥኑን አታስፉት፣ ንግግሩን ቁረጡት።